ካርታውን የሠራው የሰፈሩ ልጅ ነው!

ዳታዬ አልቋል። ስልኬ ላይ የኢንተርኔት ሽታ እንኳ የለም። ካርታው ላይ ያለሁበትን የምታሳየው ሰማያዊ ነጥብ ግን ትሄዳለች! ስራመድ ትራመዳለች፣ ስቆም ትቆማለች፣ ወደ ቅያሱ ስታጠፍ አብራኝ ትታጠፋለች። እግሬ ረግጦት በማያውቅ ሰፈር መሐል ቆሜ፣ ደስታው አላስችል ብሎኝ ብቻዬን ሳቅሁ። ከዚያ ቀን ወዲህ ያገኘሁትን ሰው ሁሉ ይዤ የማወራው ይህንኑ ነው፤ ዛሬ ተራው የእናንተ ነው።

ኦርጋኒክ ማፕስ የሚባለውን መተግበሪያ ስልኬ ላይ ጭኜ፣ ዋይፋይ ባለበት የኢትዮጵያን ካርታ አወረድኩ። በቃ! ከዚያ በኋላ ኢንተርኔት አያስፈልግም። ጂፒኤስ ካርድ አይበላም፤ ስልካችን ከ20,000 ኪሎ ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የሚዞሩ ሳተላይቶች የሚልኩትን የሰዓት ምልክት ዝም ብሎ ያዳምጣል። የ4ቱን ከሰማ የቆምንበትን ቦታ ያሰላል። ይህ ሁሉ በነፃ ከሰማይ ሲወርድልን መኖሩን አስቡት!

ከዚህ ሁሉ በላይ ያስደነቀኝ ግን ካርታው ራሱ ነው። መሠረቱ ኦፕንስትሪትማፕ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2004 ስቲቭ ኮስት የተባለ እንግሊዛዊ የጀመረው፣ ማንም የሚሥለው፣ ማንም በነፃ የሚጠቀምበት የዓለም ካርታ ነው። ለምሳሌ በጃንዋሪ 2010 ሄይቲ በርዕደ መሬት ስትመታ የዋና ከተማዋ የፖርቶፕሪንስ ካርታ ብዙው ባዶ ነበር። በየአገሩ ያሉ በጎ ፈቃደኞች ኮምፒውተራቸው ላይ ተቀምጠው፣ በሳተላይት ፎቶ ላይ መንገዱንና የተፈናቃዩን መጠለያ እያሰመሩ በቀናት ውስጥ ከተማዋን ሣሏት። የነፍስ አድን ሠራተኞችም ያንኑ ካርታ ይዘው ፍርስራሹ ውስጥ ገቡ። አገሪቱን በዓይናቸው አይተው የማያውቁ ሰዎች ለማያውቁት ሰው መንገድ አሳዩ!

ታዲያ ይህ ለእኛ ምን ያህል እንደሚስማማን ልብ በሉ። እኛ ቤት የምንፈልገው በቁጥር አይደለም። «ከቤተ ክርስቲያኑ ዝቅ ብለህ፣ ወፍጮ ቤቱን አልፈህ፣ ቀዩ በር» እንባባላለን። አድራሻችን ስም ነው፦ ሰባራ ባቡር፣ ዶሮ ማነቂያ፣ እሪ በከንቱ፣ ሽሮ ሜዳ። እነዚህን ስሞች ከሰፈሩ ልጅ በላይ ማን ያውቃቸዋል? እዚህ ካርታ ላይ ደግሞ ለአንድ ቦታ በአማርኛም፣ በአፋን ኦሮሞም፣ በትግርኛም ስሙን ጎን ለጎን መጻፍ ይቻላል፤ አንዱ ሌላውን አይገፋም። ማን ምን እንደጻፈ፣ መቼ እንደቀየረ ሁሉ ተመዝግቦ ይቀመጣል። ሰፈር ፈርሶ ከካርታው ቢነሣ እንኳ ተሥሎ የነበረው መንገድ መዝገቡ ውስጥ ይኖራል።

ለመሣል መሐንዲስ መሆን ያስፈልጋል ብላችሁ እንዳትፈሩ! ስትሪትኮምፕሊት የሚባል የአንድሮይድ መተግበሪያ አለ፤ በእግር ስትሄዱ ጥያቄ ያቀርብላችኋል። ይህ መንገድ አስፋልት ነው፣ ኮብልስቶን ነው ወይስ አፈር? ደረጃው መደገፊያ አለው? አይታችሁ ትነካላችሁ፤ መልሳችሁ ካርታው ላይ ይገባል። አንዷ ንክኪ ለዓይነ ስውር፣ በክራንች ለሚሄድ፣ ሕፃን ላዘለች እናት ምን ማለት እንደሆነ አስቡ።

እኔም ሣልኩ! ከቤታችን ጀርባ ወደ ወንዙ የሚወርድ የድንጋይ ደረጃ አለ። ውኃ ቀጂው፣ ተማሪው፣ ለቀስተኛው ሁሉ የሚወርድበት ነው፤ ካርታው ላይ ግን አልነበረም። አንድ ማታ ተቀምጬ በኦፕንስትሪትማፕ ድረ ገጽ ላይ መስመሩን ከላይ እስከ ታች ሳብኩት፣ ደረጃ መሆኑን ሞላሁ፣ እኛ የምንጠራበትን ስም በፊደላችን ጻፍኩለትና አስቀመጥኩ። ጥቂት ደቂቃ ቆይቼ ድረ ገጹን ስከፍተው እዚያው ተሥሏል! እናቴን ጠርቼ አሳየኋት፤ በጣቷ ደረጃውን ተከትላ ወንዙ ዘንድ ወረደች።

እናንተም ኦርጋኒክ ማፕስን ዛሬውኑ አውርዱት። ሰፈራችሁን ፈልጉ፤ የጎደለውን ታውቁታላችሁ። የስልኬ ካርታ በሚታደስበት ቀን፣ ሰማያዊዋን ነጥብ ይዤ በዚያ ደረጃ እወርዳለሁ።