ሰዓት ያለው ሁሉ አያሸንፍም

አሠልጣኞች አብዛኛውን ጉልበታችንን የምንጨርሰው አትሌቱን ፈጣን በማድረግ ላይ ነው። ክንዱን እናርማለን፣ እርምጃውን እናስተካክላለን፣ የዙር ሰዓቱን እንይዛለን፣ ሚኒማ አሟላ ብለን ደስ ይለናል። ከዚያ ውድድር ይመጣና የዘገየ ሰዓት ያለው ልጅ ቀድሞት ይገባል። ይህን ዕድል ወይም ወኔ እንለዋለን። እኔ ግን ማሸነፍ ራሱን የቻለ ሙያ ነው እላለሁ፤ ሊሠለጥን ይችላል፣ ሊለካም ይችላል። ያማረ አሯሯጥ ብቻውን ሜዳልያ የሚያመጣ ቢሆን፣ ፊቱን እያጨማደደ አንገቱን እያወዛወዘ የሚሮጠው ኤሚል ዛቶፔክ በ1952 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች ናቸው) ከሄልሲንኪ የ5 ሺህ፣ የ10 ሺህና የማራቶን ወርቅ ይዞ ባልተመለሰ ነበር።

የ2019ኙን የዶሃ የዓለም ሻምፒዮና እንመልከት። ሞስነት ገረመው በዚያው ዓመት ለንደን ላይ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ2 ደቂቃ ከ55 ሰከንድ ሮጧል። የሌሊሳ ዴሲሳ ምርጥ ሰዓት ደግሞ ከዚያ ስድስት ዓመት ቀደም ብሎ በዱባይ ያስመዘገበው 2 ሰዓት ከ4 ደቂቃ ከ45 ሰከንድ ነበር። በወረቀት ሲታይ ልዩነቱ ወደ ሁለት ደቂቃ ይጠጋል። ዶሃ ላይ ግን ሌሊሳ በ2 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ ገብቶ ሞስነትን በ4 ሰከንድ ቀደመው። በሴቶቹ ማራቶን የሆነው ከዚህም ይብሳል። እኩለ ሌሊት ገደማ ተጀምሮ እንኳ ሙቀቱ ከ30 ዲግሪ አልወረደም፤ ከተነሡት 68 ሯጮች 40 ብቻ ጨረሱ፤ የእኛ ሦስቱም አቋረጡ። ያሸነፈችው ሯጭ ሰዓት 2 ሰዓት ከ32 ደቂቃ ከ43 ሰከንድ ነው፤ በበርሊን ወይም በለንደን የማታሸልም ሰዓት። ምክንያቱ ግልጽ ይመስለኛል። ፈጣን ሰዓት የሚመዘገበው ብዙውን ጊዜ አሯሯጭ ፍጥነቱን ይዞ በሚመራበት ውድድር ነው። ሻምፒዮና ላይ አሯሯጭ የለም። መቼ መቆጠብ፣ ማንን መከተል፣ መቼ ዙሩን ማክረር እንዳለበት አትሌቱ ራሱ ይወስናል፤ ይህን ውሳኔ ደግሞ ልምምድ ላይ አስተምረነው አናውቅም።

አበበ ቢቂላ ሮም ላይ በባዶ እግሩ መሮጡን የማያውቅ የለም። ለሙያችን የሚጠቅመው ግን ሌላው ነገር ነው፤ እሱና አሠልጣኙ ኦኒ ኒስካነን መንገዱን አስቀድመው አይተውታል፤ ከመጨረሻው ብዙም የማይርቀውን የአክሱም ሐውልት (ያኔ ሮም ነበር) ማምለጫ ብለው ይዘውታል። አበበም ከሞሮኮው ራዲ ቤን አብደሰላም የተነጠለው እዚያ ሲደርስ ነው። ታምራት ቶላ በ2023 አሯሯጭ በሌለበትና ዳገት በበዛበት የኒው ዮርክ ማራቶን የቦታውን ክብረ ወሰን ከሰበረ በኋላ፣ በ2024 ከተጠባባቂነት ተነሥቶ ከዚያ የባሰ ዳገት ባለው የፓሪስ ኦሊምፒክ ወርቅ ወሰደ። ይህን እንደ ድንገተኛ ዕድል ማየት ይከብደኛል።

«እግር ከሌለ ስልት ምን ያደርጋል?» የሚለው ተቃውሞ ቀላል አይደለም። በጎልፍ እንኳ፣ ከውጭ ሲታይ ብልሃት ብቻ በሚመስለው ጨዋታ፣ ገንዘቡ ያለው ጉድጓዱ አጠገብ በሚመታው አጭር ምት ነው የሚል የቆየ አባባል ነበር። የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲው ማርክ ብሮዲ የባለሙያዎቹን ምቶች አንድ በአንድ ሲመረምር፣ የምርጦቹ ብልጫ ሁለት ሦስተኛው ከሩቅ በሚመታው ምት እንደሚገኝና የአጭሩ ድርሻ 15 በመቶ ገደማ ብቻ እንደሆነ አገኘ። ስለዚህ ጉልበት ይቀድማል፤ እስማማለሁ። ከብሮዲ የምወስደው ግን አሠራሩን ነው። አባባሉን አላመነም፤ እያንዳንዱ ምት ስንት እንዳተረፈና ስንት እንዳከሰረ ቆጠረ። እኛስ? ልጁ አምስተኛ ወጣ እንላለን እንጂ ሰከንዶቹ የት እንደቀሩ አንቆጥርም። መጀመሪያው ላይ ተጣድፎ ነው? መሪዎቹ ሲነጠሉ ከኋላ ተከቦ ነው? ውሃ ሳይጠጣ አልፎ ነው? ለእያንዳንዱ መድኃኒቱ የተለያየ ሲሆን እኛ ለሁሉም የምናዘው አንድ ዓይነት ነው፤ ተጨማሪ ኪሎ ሜትር።

እኛ በምናሠለጥንበት በሸዋ ሮቢት ላይ ደግሞ ሌላ ተቃውሞ አለ፤ ቆላ ነው፣ ሯጭ የሚወጣው ከደጋ ነው ይባላል። ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ነን፤ በቆጂና ደብረ ብርሃን ከዚህ እጥፍ በላይ ናቸው። ግን ሌቪንና ስትሬይ-ጉንደርሰን የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች በ1997 ባወጡት ጥናት፣ 2,500 ሜትር ላይ እየኖሩ ወደ 1,250 ሜትር እየወረዱ የተለማመዱ ሯጮች ከሌሎቹ በተሻለ የ5 ሺህ ሜትር ሰዓታቸውን አሻሽለዋል። የልምምዱ ከፍታ እኛ ያለንበት የይፋት ሜዳ ከፍታ ነው ማለት ይቻላል፤ ደጋው ደግሞ ከጣርማበር በላይ፣ በመኪና ጥቂት ሰዓት ብቻ ይርቃል። ሙቀቱም ዋጋ አለው። ሰውነት ሙቀት ለመልመድ ሁለት ሳምንት ገደማ ይበቃዋል፤ በሙቀት ውስጥ ፍጥነትን መመጠን ግን ከዚያ የበለጠ ጊዜ የሚጠይቅ ትምህርት ነው፤ ቆላው ስሕተትን ወዲያው ያስከፍላልና። ማሾና ሽንኩርት በሚዘራበት ሜዳ መሀል በሚያልፈው የደሴ አስፋልት ላይ በማለዳ ሲሮጥ፣ አትሌቱ ሰዓት ሳያስር ቀጣዩን ኪሎ ሜትር በስንት እንደሚጨርስ አስቀድሞ ይናገር፤ አሠልጣኙ ይያዝለት። በተናገረውና በሮጠው መካከል ያለው ልዩነት ከሳምንት ሳምንት እየጠበበ ካልመጣ፣ የተጨመረው ኪሎ ሜትር እግሩን አጠንክሮለት ይሆናል እንጂ ውድድር ገና አልተማረም።