«ቁራኛዬ» በቅኔ አገር ሰው ዓይን

በጎጃም ምድር ሙግት እንደ ቅኔ ሁሉ ጆሮ ተሰጥቶ የሚደመጥ ጥበብ ነበር። ከደጀን ተነሥቶ በቢቸናና በደብረ ወርቅ በኩል ወደ ሞጣ በሚዘልቀው መንገድ የተጓዘ ሰው እነዚህ ሁለቱ ጎን ለጎን ያደጉበትን አገር ያልፋል። በአንድ ወገን እንደ ዲማ ጊዮርጊስ ያሉ የቅኔ አድባራት አሉ፤ በሌላው ወገን ርስቱንና ክብሩን በዳኛ ሳያስመረምር እንቅልፍ የማይወስደው ባላገር አለ። «በላ ልበልሃ» እየተባባሉ በግጥም መሟገትም አዳራሽ የማይሻ ቴአትር ነበር። ስለዚህ የቅኔ ተማሪና ከሳሹ በአንድ ሰንሰለት ታስረው የሚጓዙበትን ፊልም የሚመለከት የቢቸና ወይም የሞጣ ሰው፣ ዳኝነቱ ከሌላው ተመልካች ጠንከር ቢል አይፈረድበትም።

ይህ ፊልም በሞገስ ታፈሰ አዘጋጅነት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2019 የወጣው «ቁራኛዬ» ነው። ታሪኩ የሚፈጸመው ንግሥት ዘውዲቱ በነገሡበት በ1909 ዓ.ም. አካባቢ ነው። ጎበዜ የሚባል የቅኔ ተማሪ፣ ከዓመታት በፊት ተጠልፋ የተወሰደችበትን ወዳጁን ዓለምን መልሶ ያገኛታል። ባለጠጋው ባሏ አብረው ሳሉ ይደርስባቸዋል፤ «ሊገድለኝ ሞከረ» ብሎም ይከሰዋል። በዘመኑ ሥርዓት መሠረት ከሳሽና ተከሳሽ ተቆራኝተው ወደ ንግሥቲቱ ችሎት ረጅሙን መንገድ ይጀምራሉ።

የአዘጋጁ ምርጫ መልካም መሆኑን አስቀድሞ መመስከር ይገባል። በቀድሞው ዘመን የነጠላ ጫፍና ጫፍ ማስተሳሰር ብቻውን ለቁራኝነት የሚበቃበት ጊዜ ነበር። ወህኒ ቤት ሳያስፈልግ ጠባቂውም ተጠባቂውም እኩል ይታሰራሉ። ልብ ወለድ ደራሲ በብዙ ገጽ የሚገልጸውን ጥላቻ፣ ሲኒማ በአንድ ሰንሰለት መወጠርና መላላት ሊያሳየው ይችላል። ከአዲስ አበባ ሳሎን የማይወጡ የፍቅርና የቀልድ ፊልሞች በበዙበት ጊዜ፣ የአገሩን ሕግ፣ የአገሩን መንገድና የአገሩን ቅኔ ይዞ የመጣ ሥራ ምስጋና ይገባዋል። በ1958 ዓ.ም. የታተመውን «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ያነበበ ሁሉ፣ ከትምህርቱ ይልቅ ልቡ ያሸነፈውን የቅኔ ሰው ከበዛብህ ጀምሮ ያውቀዋልና ጎበዜ እንግዳ አይሆንበትም።

የሆነ ሆኖ የቅኔ መምህር ሰሙ አማረ ብሎ ተማሪውን አያሰናብትም፤ ወርቁን ይጠይቃል። የፊልሙ ስም ራሱ ኅብር ነው። ቁራኛ በችሎት ትእዛዝ የታሰረ ባላጋራ ነው፤ «በዓይነ ቁራኛ» ስንል ደግሞ ከዓይን ሳያርቁ መጠበቅ ማለታችን ነው። እንግዲህ ሁለቱ ወንዶች ለጉዞው ያህል ተቆራኙ። ዓለም ግን ሰንሰለቱ ሳይታይባት፣ ዳኛም ሳይፈርድባት፣ ከጠለፋት ሰው ጋር ለዓመታት ተቆራኝታ ኖራለች። ወርቁ በእርሷ ዘንድ ነበር። ክሱ ግን የባል ክስ ነው፤ ጉዞውም የሁለቱ ወንዶች ጉዞ ነው። የነገሩ ሁሉ መነሻ የሆነው ጠለፋ ከሳሽ አላገኘም።

«ዘመኑ እንዲያ ነበር» የሚል ሰው እንደሚኖር እናውቃለን። እኛም ታሪክ ይለወጥ አላልንም። ነገር ግን በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ እንኳ፣ የተጠለፈችው ሴት ጠላፊዋን በፈቃዷ ያገባች እንደ ሆነ ክሱ እንዲቀር ያደርግ ነበር። ይህ የቀረው በ1996 ዓ.ም. በታወጀውና በ1997 ዓ.ም. በጸናው አዲሱ የወንጀል ሕግ ነው። ስለዚህ የዓለም ነገር የሩቅ ዘመን ተረት አይደለም፤ ዛሬ የልጅ ልጅ ያዩ ብዙ እናቶች የኖሩበት ነው።

ይህን ጥያቄ ፊት ለፊት ያነሣው የዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ «ድፍረት» ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1996 በተፈጸመ እውነተኛ ነገር ላይ ተመሥርቶ፣ በ2014 በአሜሪካ የሰንዳንስ ፌስቲቫል የተመልካቾችን ሽልማት አግኝቷል። ከትምህርት ቤት ስትመለስ የተጠለፈችው የ14 ዓመቷ ሂሩት ጠላፊዋን ተኩሳ ትገድላለች፤ የመንደር ሽማግሌዎችና የከተማው ፍርድ ቤትም በአንዲት ሕፃን ላይ ሁለት ዓይነት ሕግ ይዘው ይቆማሉ። እዚህም ስሙ ኅብር ነው፤ ድፍረት የጀግንነትም የመደፈርም ቃል ነውና። በሥዕል ውበት «ቁራኛዬ» ይበልጠዋል፤ ወርቁን አውጥቶ በማሳየት ግን «ድፍረት» ይቀድማል።

የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ረጅም ልብ ወለድ ፊልም በ1957 ዓ.ም. ሲወጣ ስሙ «ሂሩት አባቷ ማን ነው?» ነበር። ይህም እንደ ችሎት ጥያቄ ነው። ሲኒማችን ከልደቱ ጀምሮ የሴት ልጅን ነገር ይዞ ዳኛ ፊት ቆሟል ማለት ይቻላል። በቢቸናና በሞጣ የምታስተምሩ መምህራን ሁለቱን ፊልሞች ለተማሪዎቻችሁ አከታትላችሁ ብታሳዩና «በዚህ ነገር እውነተኛው ከሳሽ ማን ሊሆን ይገባው ነበር?» ብላችሁ ብትጠይቁ፣ ከብዙ ሰዓት ትምህርት የበለጠ ፍሬ ታገኙበታላችሁ። ምናልባትም ከኋላ ወንበር የተቀመጠች አንዲት ልጅ ፊልሙ ያልመለሰውን ትመልሰው ይሆናል።