ከታንኳው ላይ የታየ ጭፈራ

ግሮ ኢሌ በካሪቢያኗ ደሴት በሴንት ሉቺያ ሰሜናዊ ዳርቻ የምትገኝ የዓሣ አጥማጆች መንደር ናት። ዓርብ ማታ መንገዶቿ ለመኪና ይዘጋሉ። ከሰሉ ይቀጣጠላል፤ ዓሣውና ዶሮው፣ ላምቢ የሚሉት ትልቁ የባሕር ቀንድ አውጣም ይጠበሳል፤ ሮም ይቀዳል። ሶካውና ሬጌው ሲደምቅ ያገሩም ሰው ጎብኚውም አስፋልቱ ላይ ይጨፍራል። ምሽቱን «ጃምፕ አፕ» ይሉታል። ስለዚህ ምሽት የሚጻፉ የጉዞ ማስታወሻዎች መደምደሚያቸው ያው ነው፦ ምግቡ ይጣፍጣል፤ ሕዝቡ እንግዳ ተቀባይ ነው።

ውሸት ነው አልልም። ግን ተጋባዡ ይህን ሲል ጋባዡስ ምን ይላል?

ለዚህ ጥያቄ የደሴቲቱ ልጅ ዴሬክ ዋልኮት እ.ኤ.አ. በ1990 ባሳተመው «ኦሜሮስ» በተሰኘ ረጅም የግጥም ሥራው መልስ ሰጥቷል። ዋልኮት በ1992 የኖቤል ሽልማት ያገኘ፣ በ2017 ያረፈ ባለቅኔ ነው። በዚህ ሥራው የሆሜርን ጀግኖች ስም ለድሃ ዓሣ አጥማጆች አውርሷል።

መጽሐፉ ሲጀምር ፊሎክቴት የተባለው ሰው ካሜራ ለደገኑ ቱሪስቶች ዛፍ ተቆርጦ እንዴት ታንኳ እንደሚሆን ይተርካል። ሳንቲም ሲጨምሩለት የእግሩን ጠባሳ ገልጦ ያሳያቸዋል። ቁስሉ በምን እንደዳነ ግን አይነግራቸውም። ያ አይሸጥም!

ቆየት ብሎ የዓርቡ ምሽት ይመጣል። ውቢቱ ሄለን ወደ ጭፈራው ትሄዳለች። የሚወዳት አሺል ግን ታንኳው ላይ ተቀምጦ ይቆዝማል። በእሱ ዓይን ሄለንም መንደሪቱም ራሳቸውን ለገበያ አቅርበዋል፤ የኖረው ሕይወት እየሞተ ሳለ የሚያለቅስለት የለም።

ሐዘኑ ልብ ይነካል። ሆኖም እኔ ከአሺል ጋር ሙሉ በሙሉ አልስማማም። ቅናትና ቁጭት በአንድ ታንኳ ሲሳፈሩ ፍርድ ያጋድላል። ዓሣ ጠብሳ የምትሸጥ ሴት ዋጋ ስለጠየቀች ብቻ ፈገግታዋ ሐሰት አይሆንም፤ ልጆቿን የምታሳድገው በዚያው ከሰል ነው። ዘፈኑስ የቱሪስት ብቻ ነው ያለው ማን ነው? ሳምንቱን ሙሉ ሲደክም የከረመ የመንደሩ ሰው ዓርብ ማታ መጨፈር መብቱ ነው።

ስለዚህ የአሺል ቁዘማ ሳይሆን የፊሎክቴት ዝምታ ይበልጥብኛል። ፊሎክቴት እንግዳውን አላባረረም፤ ገንዘቡንም አልናቀም። የሚሸጠውንና የማይሸጠውን ለይቶ አስቀመጠ እንጂ። እንግዳ ተቀባይነት ክብሩን የሚጠብቀው እንዲህ ሲሆን ይመስለኛል።

እናም ግሮ ኢሌ ደርሶ የሚመለስ ጸሐፊ በልቻለሁ፣ ጨፍሬያለሁ ቢለን ደስ ይለናል። ሕዝቡን ዐወቅሁት ካለን ግን፣ ያየው በሳንቲም የተገለጠለትን ጠባሳ መሆኑን እናስታውሰው።