የማን ጋዝ ነው?

በሩቅ ጋላክሲ ውስጥ ያለን ቀዝቃዛ ጋዝ በራሱ ብርሃን ማየት ከባድ ነው፤ ከኋላው የሚያበራለት ይፈልጋል። ግዙፍ ኮከብ ሲሞት የሚከሰተው የጋማ ጨረር ፍንዳታ ትቶት የሚያልፈው ብርሃን ለዚህ ይመቻል። ስፔክትረሙ ልሙጥ ነው፤ የምድርን አየር አሻራ ከቀነስን በኋላ የሚቀረው ጥቁር መስመር መንገድ ላይ ያለ ጋዝ የዋጠው ነው። ኳዛር የሚባለው ብሩህ የጋላክሲ እምብርትም ያበራል፤ ግን የራሱ ሰፋፊ መስመሮች ያምታታሉ፣ ከፊታችንም ዞር አይልልንም። ፍንዳታው ግን ሲከስም ጋላክሲውን ለብቻው ያሳየናል።

መስመሩን ማግኘት ቀላሉ ነው። የሚያስቸግረኝ የየትኛው ጋዝ እንደሆነ መለየቱ ነው።

እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2006 ስዊፍት ሳተላይት አንድ ፍንዳታ ጠቆመች። ቺሌ ውስጥ ፓራናል ላይ ያለው ቴሌስኮፕ የሰው እጅ ሳይነካው ዞሮ በ10 ደቂቃ ውስጥ መቅረጽ ጀመረ። መጣደፉ ያለ ምክንያት አልነበረም፤ ይህ ብርሃን ጊዜው በእጥፍ ሲጨምር በግማሽ ገደማ ይቀንሳል። በተከታታይ በተነሡት ስፔክትረሞች ላይ የብረትና የኒኬል መስመሮች ጥንካሬ ይለዋወጥ ነበር። የፍንዳታው አልትራቫዮሌት ብርሃን አቶሞቹን እያነቃቃቸው ነበርና ከለውጡ ፍጥነት የጋዙ ርቀት ተሰላ፦ 1.7 ኪሎፓርሴክ፣ ማለትም 5,500 የብርሃን ዓመት ገደማ። የኮከቡ ሰፈር ሊመስለን የሚችለው ጋዝ የሩቅ ጎረቤት ሆኖ ተገኘ። ከዚያ ወዲህ፣ ርቀቱ ሳይታወቅ «ኮከቡ የተወለደበት ጋዝ» የሚል ጽሑፍ ሳነብ እርሳሴን አነሣለሁ።

ብረትም ብቻውን አይታመንም። አብዛኛው አቧራ ውስጥ ስለሚደበቅ ጋዙን ከእውነቱ ይልቅ በከባድ ንጥረ ነገሮች ድኻ ያስመስለዋል፤ ዚንክ ወይም ድኝ ይሻላል።

ወደ ጥንቱ ዘመን ስንጠጋ ጥያቄው ይከፋል። እ.ኤ.አ. በ2005 የታየ አንድ ፍንዳታ ቀይ ሽግግሩ፣ ማለትም የብርሃኑ መለጠጥ መለኪያ፣ 6.3 ነበር፤ የሃይድሮጅን 121.6 ናኖሜትር መስመር ተለጥጦ 890 ገደማ ደርሷል። ሃዋይ ያለው ሱባሩ ቴሌስኮፕ ስፔክትረሙን ያነሣው ከ3 ቀን በላይ ቆይቶ ነው፤ ደግነቱ የጽንፈ ዓለሙ መስፋፋት ጊዜንም ስለሚለጥጥ እዚያ ግማሽ ቀን እንኳ አልሞላም። የመስመሩ ሰፊ ክንፍ ከጋላክሲው ጋዝ ሊመጣ ይችላል፤ በጋላክሲዎች መካከል ገና አዮን ካልሆነው፣ ማለትም ኤሌክትሮኑን ካልተነጠቀው፣ ሃይድሮጅንም ሊመጣ ይችላል። ቅርጻቸው ተቀራራቢ ነው። ስለዚህ በዚህ ርቀት ሥራዬን ከሃይድሮጅኑ አልጀምርም፤ በመጀመሪያ የሲሊከንና የድኝ ጠባብ መስመሮችን ለክቼ የጋላክሲውን ትክክለኛ ቦታ አስራለሁ፣ ክንፉን የምገጥመው ከዚያ በኋላ ነው።