ማን ገባ፣ በማን ላይ? ሰላም ፓላስና ያልተፈለገ አገባብ ቋንቋ

«ኢንትሩድ» የተባለው የእንግሊዝኛ ግስ ከላቲን የተወረሰ ነው፤ ሥሩ ገፍቶ መግባትን ያሳያል። ዛሬ ግን ግፊያው ደብዝዞ የባለቤቱ ስሜት ጎልቷል፦ ያልተጠራ መጣ፣ ያልተፈለገ ገባ። ስለዚህ ግሱ ሁለት ወገን ይሻል፤ አንዱ ከውጭ የሚመጣ፣ ሌላው ከውስጥ ሆኖ የሚታወክ። አማርኛ ይህን ጉዳይ ለብዙ ቃላት አከፋፍሎታል። በሰው ነገር ጣልቃ ይገባል፣ ጠላት ሰርጎ ይገባል፣ ደጅና ክብር ይደፈራል፣ አገርና መሬት ይወረራል። ከእነዚህ አንዱን መምረጥ ፍርድ ነው፤ ፍርዱም አብዛኛውን ጊዜ በሩን በያዘው ወገን ይሰጣል። ይህን ለመመርመር ሮም ከሚገኘው ሰላም ፓላስ የተሻለ ቦታ አላውቅም።

ሕንፃው በከተማዋ ደቡብ ምሥራቅ ዳርቻ፣ ሮማኒና ሰፈር ነው። የቶር ቬርጋታ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ጽሑፍ ፋኩልቲ ነበረበት፤ ፋኩልቲው ለቆት ባዶ ከቀረ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2006 ከሱዳን፣ ከኤርትራ፣ ከኢትዮጵያና ከሶማሊያ የመጡ ስደተኞች ገቡበት። ብዙዎቹ የጣልያን መንግሥት ራሱ ከለላ የሰጣቸው ነበሩ። አገሪቱ ግቡ ብላ ወረቀት ሰጥታለች፤ የሚያድሩበትን ግን አላዘጋጀችም። ወደ ሰሜን አውሮፓ የተሻገሩትንም ጥገኝነት ጠያቂን መጀመሪያ የገባበት አገር ይቀበለው የሚለው የአውሮፓ የደብሊን ደንብ በጣት አሻራቸው እየለየ ወደ ጣልያን ይመልሳቸው ነበር። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2012 የአውሮፓ ምክር ቤት የሰብአዊ መብት ኮሚሽነር ኒልስ ሙይዥኒየክስ ሕንፃውን ጎብኝተው፣ 800 ያህል ሰዎች እንደሚኖሩበትና አንድ ሽንት ቤትና አንድ ሻወር ለ250 ሰው ያህል እንደሚያገለግል በሪፖርታቸው አስፍረዋል።

የጣልያን ወንጀል ሕግ አንቀጽ 633 እንዲህ ያለውን አገባብ «ኢንቫዚዮኔ»፣ ማለትም ወረራ ይለዋል። ሕጉ የወጣው በፋሺስቱ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1930 ነው። አምስት ዓመት ቆይቶ የዚያው መንግሥት ጦር መረብን ተሻገረ። እኛ በአገራችን አቆጣጠር የ1928ቱ ወረራ የምንለውን ጣልያንኛው «የኢትዮጵያ ዘመቻ» ሲለው ኖሯል። በመርዝ ጋዝ ታግዞ አገር የገባው ዘማች፣ ብርድ ሸሽቶ ባዶ ክፍል የገባው ወራሪ የተባሉበትን ቋንቋ ዝም ብሎ ማለፍ ለእኔ ከባድ ነው። የባለንብረት መብት እውነተኛ መብት ነው፤ የሕንፃ ባለቤት ንብረቱን ማጣቱ ጉዳት ነው። ሆኖም በሰላም ፓላስ ክፍሎች ውስጥ እንቅልፉ የተረበሸ፣ ገበታው የታወከ ማንም አልነበረም። ግሱ የሚሻው የውስጥ ሰው በሌለበት ቃሉ ብቻውን ቆሞ ይከሳል። ያው ሕግ በአንቀጽ 54፣ ራስን ወይም ሌላውን ከከባድ አደጋ ለማዳን ሲባል በግድ የተፈጸመ ድርጊት እንደማያስቀጣ ይደነግጋል፤ ቤት አልባዎችም በፍርድ ቤት ይህን እየጠቀሱ ተከራክረዋል። እንግዲህ «ወረራ» ከሚለው ቃል ጎን «ችግር» የሚለውም በዚያው መዝገብ ተጽፏል።

አገር ቤትም ነገሩ አለ። አዲስ አበባ ውስጥ ሹሙ «የመሬት ወረራ» የሚለውን ሕዝቡ «ጨረቃ ቤት» ይለዋል፤ በሌሊት የተሠራ ማለቱ ነው። የመጀመሪያው ስም ብዙ ቦታ አጥሮ የሚሸጠውን ደላላና አንዲት ክፍል ቀልሳ ልጆቿን ያስገባችውን እናት በአንድ ጅራፍ ይገርፋል። ሁለተኛው ጨለማውንና ጥድፊያውን፣ የሠሪውን ፍርሃት ሳይቀር ይዟል። ከሹሙ ቃል ይልቅ የሕዝቡ ቃል ለእውነቱ የቀረበ ይመስለኛል።

ሮም ላይ የቃሉ ክብደት እ.ኤ.አ. በ2014 ይበልጥ ታየ። በዚያ ዓመት የወጣው የቤቶች ሕግ አንቀጽ 5፣ ሕንፃን ያለ ፈቃድ የያዘ ሰው በዚያ አድራሻ ነዋሪ ተብሎ እንዳይመዘገብና ውሃና መብራት እንዳያስገባ ከለከለ። የነዋሪነት ምዝገባ በጣልያን የቤተሰብ ሐኪም ማግኛና የመታወቂያ መሠረት ነው። ሰውየው ሕንፃው ውስጥ ይኖራል፤ በመዝገብ ግን ከነዋሪነት ውጭ ነው። ይህን ክፍተት በከፊል የሸፈነው «ቺታዲኒ ዴል ሞንዶ» የተባለው ማኅበር ነበር፤ የበጎ ፈቃድ ሐኪሞቹ እዚያው ሕንፃው ውስጥ ሕመምተኛ ሲያዩ ኖረዋል።

እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2020 ኮቪድ በነዋሪዎቹ ላይ ሲገኝ ሕንፃው ቀይ ቀጠና ተባለ፤ ወታደርና ፖሊስም ዙሪያውን ከበቡት። አሥራ አራት ዓመት ያለ ፈቃድ ገብታችኋል ሲባሉ የኖሩ ሰዎች፣ አሁን ያለ ፈቃድ እንዳይወጡ ተጠበቁ።