ባዶ ሣጥን፤ የድርጅቶች የዘላቂነት ዘገባና ከሰቆጣ ያልመጣው ቍጥር

በዚህ አጭር ጽሑፍ ሒስ ልናቀርብበት ያሰብነው ነገር ላይ ላዩን ሲያዩት ትንሽ ነው። አንድ ድርጅት ስለ አካባቢና ስለ ማኅበራዊ ኑሮ በየዓመቱ በሚያወጣው የዘላቂነት ዘገባ ውስጥ የአንዱ ቅርንጫፍ ወይም የአንዱ አቅራቢ ቍጥር ሳይገኝ ሲቀር፣ በባዶው ሣጥን ምን ሊጻፍ ይገባል? የተለመደው መልስ ሁለት ነው። አንዱ ባዶውን እንደ ዜሮ ቈጥሮ ማለፍ፣ ሁለተኛው የሌሎቹን አማካይ ወስዶ መሙላት ነው። ሁለቱም ለዋግ ኽምራ ደጋ የሚስማሙ አይደሉም።

እ.ኤ.አ. በ1976 አሜሪካዊው የስታቲስቲክስ ሊቅ ዶናልድ ሩቢን የጐደለ መረጃ ሁሉ አንድ ዐይነት አለመሆኑን አስረድቷል። በአጋጣሚ ብቻ የጐደለ አለ፤ የመጕደሉ ምክንያት በእጃችን ካለው ሌላ መረጃ የሚታወቅ አለ፤ ከዚህ ውጭ ደግሞ የመጕደሉ ምክንያት ከራሱ ከተሰወረው መጠን ጋር የተያያዘ አለ። የሚያሳስበው ይህ የመጨረሻው ነው። ለምሳሌ ዐሥር ቅርንጫፎች ያሉት አንድ ባንክ አለ እንበል። ዘጠኙ ለጄነሬተር በወር እያንዳንዳቸው 400 ሊትር ናፍጣ ማቃጠላቸውን ጽፈው ላኩ፤ የሰቆጣው አልላከም። በዜሮ ብንሞላው ድምሩ 3,600፣ በአማካይ ብንሞላው 4,000 ሊትር ይሆናል። ነገር ግን ቅርንጫፉ ያልላከው መብራትና ስልክ ስለተቋረጠበት፣ ጄነሬተሩም ሌት ተቀን ሲሠራ ስለከረመ፣ 1,500 ሊትር አቃጥሎ ቢሆንስ? እውነተኛው ድምር 5,100 ነው። ዝምታውንም ፍጆታውንም ያመጣው ያው አንድ ችግር ነው።

ይህ የተማሪ ምሳሌ ብቻ እንዳይመስል የሀገራችንን የሕዝብ ቈጠራ እንመልከት። በግንቦት 1976 ዓ.ም. የተደረገው የመጀመሪያው አጠቃላይ ቈጠራ በቀጥታ የደረሰው ከሕዝቡ 81 በመቶ ያህሉን ነው፤ ጦርነት ያለባቸው የሰሜን ገጠሮች በግምት ተሞሉ። በዚያው ወራት ደግሞ ረኀቡ የበረታው በሰሜን ነበር። ብዙ ቤተሰብ ተፈናቅሎ ባለበት ጊዜ ቈጣሪ ሳይደርስ የተጻፈ ቍጥር ያንን ሁኔታ ሊያሳይ አይችልም። በ1999 ዓ.ም. ቈጠራ ዋግ ኽምራ 426,213 ሕዝብ ተመዘገበ። ከዚያ በኋላ አራተኛው ቈጠራ ተላልፎ እስከዚህ ጽሑፍ ድረስ አልተካሄደም። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻና በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ወደ ዞኑ ሲገባ የአበርገሌና የጻግብጂ ሰዎች ወደ ሰቆጣ ተፈናቀሉ። እንግዲህ «ከአካባቢው ሕዝብ ይህን ያህል በመቶ አገለገልን» የሚል ድርጅት የሚያካፍለው ከቦታው ለተንቀሳቀሰ ሕዝብ በተሰላ የድሮ ግምት ነው።

መረጃው የሚጐድለው ግን በጦርነት ብቻ አይደለም። የአበርገሌ ፍየል በእግሩ ተነድቶ ገበያ ሲወጣ ደረሰኝ አይከተለውም፤ ሥጋውን የሚገዛው ድርጅት ግን ስለ አቅራቢዎቹ ይጠየቃል። መጠይቁ በአማርኛ ተጽፎ ተጠያቂው የሚናገረው ኽምጣና የተባለውን የአገው ቋንቋ ብቻ ሲሆን፣ «መልስ የለም» ተብሎ ይመዘገባል። እውነቱን ለመናገር መልስ ነበረ፤ የጐደለው ጠያቂው ነው።

ዓለም አቀፎቹ ደንቦች ስለዚህ ጕዳይ ምን ይላሉ? ጂ አር አይ የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው ደንብ ለመተው የሚፈቀዱትን ምክንያቶች አራት አድርጓል፤ ነገሩ የማይመለከት መሆኑ፣ የሕግ ክልከላ፣ ምስጢርነት፣ እንዲሁም መረጃው አለመገኘቱ ወይም አለመሟላቱ ናቸው። በመጨረሻው ምክንያት የተወ ድርጅት መረጃውን ለማግኘት ምን እየሠራ እንደሆነና መቼ እንደሚያገኘው እንዲገልጽ ታዝዟል። ይህ የሚመሰገን ነው። በሰኔ 2015 ዓ.ም. የወጡት አይ ኤፍ አር ኤስ ኤስ 1 እና ኤስ 2 ደግሞ በብዙ ቦታ «ከአግባብ ያለፈ ወጪ ወይም ድካም ሳይኖር» ሊገኝ የሚችለውን መረጃ ይጠይቃሉ። ሒሳችን እዚህ ላይ ነው። ድካሙን የሚመዝነው አዲስ አበባ የተቀመጠው ጽሕፈት ቤት ከሆነ ሰቆጣ ሁልጊዜ ሩቅ ናት፤ ሚዛኑም ሁልጊዜ በእርሷ ላይ ያደላል። «ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል» ይባላል፤ እንዲናገር ያልተጠየቀ ግን በዝምታው ሊቀጣ አይገባውም።

በእርግጥ ዘገባ እስከ ምጽአት አይጠብቅም፤ ግምትም ነውር አይደለም። ኤስ 2 ራሱ በአቅርቦት ሰንሰለት ውስጥ ያለውን ልቀት መገመትን ይፈቅዳል፤ ምን ያህሉ ከቀጥተኛ መረጃ እንደተሠራም እንዲገለጽ ያዛል። ነውሩ ግምት ልኬት መስሎ መቅረቡ ነው። ስለዚህ ሦስት ነገር እናሳስባለን። አንደኛ፣ የተገመተው ቍጥር ከተለካው ተለይቶ፣ ዝቅተኛውና ከፍተኛው ግምት አብሮት ይጻፍ። ሁለተኛ፣ የጐደለው በመቶኛ ብቻ ሳይሆን በቦታ ስም ይነገር። ሦስተኛ፣ ያው ቦታ ሁለት ዓመት በተከታታይ ባዶ ከሆነ ድርጅቱ ሰው ይላክ።

የእኛም የተማሪዎች የጥናት ወረቀት ከዚህ ጥፋት ነጻ አይደለም፤ ያልተመለሰውን መጠይቅ ጥለን በተመለሰው ብቻ ስንት ጊዜ ፈርደናል! ባዶ ሣጥን ስናገኝ ከመሙላታችን በፊት ማን ዝም እንዳለና ስለ ምን ዝም እንዳለ እንጠይቅ።