በአቦል ሰማይ ስር፦ ለልብ ወለድ ዓለም ስለ መንደፍ

በኦገስት 1975 እ.ኤ.አ. ዓለም አቀፉ የሳይንስ ልብ ወለድ ጉባኤ ለመጀመሪያ ጊዜ በአውስትራሊያ፣ በሜልበርን ከተማ ተካሄደ። የክብር እንግዳዋ ኡርሱላ ለ ግዊን ነበሩ፤ የዓመቱ የሁጎ ሽልማትም በዚያው መድረክ «ዘ ዲስፖዝስድ» ለተባለው ልብ ወለዳቸው ተሰጠ። የድርሰቱ መንትያ ዓለማት ኡራስና አናሬስ የሚዞሩት ታው ሴቲን ነው። ይህ ኮከብ በእውን ያለ ነው፤ ከእኛ 12 የብርሃን ዓመት ገደማ ይርቃል፣ ብርሃኑም የፀሐያችንን ግማሽ ያህላል። ከእሱ የምድርን ያህል ብርሃን ለማግኘት ፕላኔቷ መጠጋት አለባት፣ ስትጠጋ ደግሞ ዓመቷ ያጥራል፤ በኬፕለር ሕግ ሲሰላ ከስምንት ወር ብዙም አይዘልም። ደራሲዋ እንዲህ ያለውን ስሌት ለአንባቢ አይዘረዝሩም። የአናሬስ ድርቀት ግን ከመጽሐፉ ምግብ፣ ሥራና ፖለቲካ ውስጥ አይወጣም፤ ድርቁ ሲበረታ ራሽኑ ይጠብቃል፣ ራሽኑ ሲጠብቅ የእኩልነቱ መርሕ ይፈተናል። የዓለም ነደፋ የሚመዘነው በዚህ ነው። ሁለት ጨረቃ በሰማይ ሰቅሎ ሰዎቹን በ24 ሰዓት ቀንና በ12 ወር ዓመት የሚያኖር ድርሰት ሰማዩን ለጌጥ ብቻ ነው የፈጠረው።

ለአማርኛ ደራሲ፣ በተለይም ሜልበርን ላለው፣ ከታው ሴቲ የሚቀርብ ጉዳይ አለ። ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት በ2019 እ.ኤ.አ. 100ኛ ዓመቱን ሲያከብር ለየአገሩ አንድ ኮከብና አንድ ፕላኔት እንዲሰይም ዕድል ሰጥቶ ነበር። አውስትራሊያ «ቡቡፕ» እና «ያንያን» ብላ ሰየመች፤ ስሞቹ የተወሰዱት ከሜልበርን አካባቢ ነባር ሕዝቦች አንዱ ከሆኑት ከቡንዉሩንግ ቋንቋ ነው። ኢትዮጵያ ኮከቡን «ቡና»፣ ፕላኔቱን «አቦል» አለች። ቡና ያለው በአንድሮሜዳ ኅብረ ኮከብ ውስጥ ነው፤ የግሪኮች ተረት አንድሮሜዳን የኢትዮጵያ ንጉሥ ልጅ ማድረጉን አንባቢ ያስታውሳል። ሁለቱም ኮከቦች ያለ መነጽር አይታዩም። ቡቡፕ ከሜልበርን ሰማይ ፈጽሞ አይጠልቅም፣ ቡና ግን ከሰሜኑ አድማስ 10 ዲግሪ ያህል ብቻ ብቅ ብሎ ይመለሳል። በአዲስ አበባ ነገሩ ይገለበጣል፤ ቡና ከፍ ብሎ ያልፋል፣ ቡቡፕ በደቡብ አድማስ ላይ ዝቅ ይላል።

ከሁለቱ እኔ የምመርጠው ቡናን ነው፤ ምርጫዬ ግን በስሙ ምክንያት አይደለም። የአቦል ምህዋር ለደራሲ የማይመች ነው፣ የማይመች ሰማይ ደግሞ ታሪክ ይወልዳል። ቡና ከፀሐያችን ይከብዳል፣ ብርሃኑም ከሦስት እጥፍ ይበልጣል። አቦል ከጁፒተር ቢያንስ አራት እጥፍ የሚከብድ የጋዝ ግዙፍ ነው፤ ኮከቡን በ990 ቀን ገደማ ይዞራል። ሰው የሚቆምበት መሬት ስለሌለው ደራሲው ጨረቃ መፍጠር አለበት። እስካሁን የታወቀ ጨረቃ ስለሌለው ይህ የልብ ወለዱ መብት ነው። «ቶና» ብንላት የአገራችን አንባቢ ቅር አይለውም።

ችግሩ የምህዋሩ ቅርጽ ነው። ምድር ለፀሐይ ስትቀርብና ስትርቅ የምታገኘው ብርሃን የሚለያየው በ7 በመቶ ያህል ነው። የአቦል ምህዋር ግን እጅግ የሞላለ በመሆኑ፣ በቅርቡ ጫፍ የሚደርሰው ብርሃን በሩቁ ጫፍ ከሚደርሰው 16 እጥፍ ገደማ ነው፤ አንደኛው ከምድር ድርሻ ከአራት እጥፍ በላይ፣ ሌላው ከሲሶ በታች። የሚገርመው የዓመቱ አማካይ ነው። ስናሰላው ምድር ከምታገኘው ጋር ተቀራራቢ ሆኖ ይገኛል። ዳረን ዊሊያምስና ዴቪድ ፖላርድ በ2002 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ ሞላላ ምህዋር ያላት ምድር መሰል ፕላኔት ውኃዋን ይዛ መቆየት አለመቆየቷን በዋናነት የሚወስነው አማካዩ ብርሃን መሆኑን በአየር ንብረት ሞዴል አሳይተዋል፤ ውቅያኖስና ከባቢ አየር ሙቀቱን ያቻችሉታል። ስለዚህ ቶና ላይ ውኃ ይኖራል ማለት ቅዠት አይደለም።

አማካዩ ግን ለውቅያኖስ እንጂ ለገበሬ አይበቃም። በእኔ ስሌት ቶና ከምድር የበለጠ ብርሃን የምታገኘው ከ990 ቀን በ230 ያህሉ ብቻ ነው፣ የዚያ መካከሉ ደግሞ ያቃጥላል። የሚዘራው እንግዲህ በሙቀቱ ጫፍ ሳይሆን በግራና ቀኙ ነው፤ ወደ ኮከቡ ሲገቡ 100 ቀን ገደማ፣ ሲወጡም እንዲሁ። በልግና መኸርን ለሚያውቅ አንባቢ ሁለት የአዝመራ ወቅት እንግዳ አይደለም። ልዩነቱ በሁለቱ መካከል ያለው ነው። ከመጀመሪያው አዝመራ እስከ ሁለተኛው አምስት ወር የማይሞላ የእሳት ጊዜ ይቆያል፤ ከሁለተኛው እስከ ቀጣዩ ግን 600 ቀን የሚዘል ብርድ አለ። ጎተራ የያዘ ሰው በዚህ አገር ንጉሥ ነው። ደራሲው የሥልጣንን ምንጭ ከሌላ መፈለግ አያስፈልገውም፤ ምህዋሩ ሰጥቶታል።

ጨረቃዋን ጋኒሜድ ከጁፒተር በምትርቀው ልክ፣ ማለትም አንድ ሚሊዮን ኪሎ ሜትር አለፍ ብለን ብናስቀምጣት፣ አቦልን በ80 ሰዓት ገደማ ትዞራለች። የስበቱ ጉተታ አንድ ፊቷን ወደ አቦል አዙሮ ስለሚያስራት ቀኗም 80 ሰዓት ይሆናል፣ ዓመቷም 300 ገደማ ቀን። በአንዱ ንፍቀ ክበብ አቦል ከቦታው ሳይነቃነቅ፣ የእኛን ጨረቃ በስፋት 15 ጊዜ ያህል የሚያጥፍ ሆኖ ይታያል። የጨረቃዋ ምህዋር ካልዘመመ፣ አቦል ከአናታቸው በላይ የሆነላቸው ሰዎች በየቀትሩ ከአንድ ሰዓት በላይ ግርዶሽ ይሆንባቸዋል። በሌላው ንፍቀ ክበብ የሚወለድ ሰው ግን አገሩን ካልለቀቀ አቦልን ሳያይ ይሞታል።

የዘመን አቆጣጠሩ ነገር ከሁሉም ያሳስበኛል። የእኛ ባሕረ ሐሳብ ፀሐይንና ጨረቃን በ19 ዓመት ዐውድ አስታርቆ፣ በመጥቅዕና በአበቅቴ ጾምና በዓልን ከሰማይ ጋር ያሰረ ሥርዓት ነው። ሜልበርን ውስጥ በዚህ ሥርዓት የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ጥምቀትን በበጋው ሐሩር፣ ፋሲካን ቅጠል በሚረግፍበት ወቅት ያከብራሉ፤ እንቁጣጣሽም ዓደይ አበባ በሌለበት አገር ይገባል። ስሌቱ ሳይዛነፍ ወቅቱ ተገልብጧል። ስለዚህ ከሌላ ምድር የመጣ አቆጣጠር በአዲስ ሰማይ ስር ምን እንደሚገጥመው ከዚህ ከተማ ኢትዮጵያዊ በላይ የሚያውቅ ደራሲ ያለ አይመስለኝም፤ ይህን እውቀት ሥራ ላይ እንዲያውለው አጥብቄ እመኛለሁ።

ሰፋሪዎቹ ቶና ላይ ሲደርሱ የመጀመሪያው ጠብ ምናልባት በሰንበት ይነሳል። ሰውነት 40 ሰዓት የሚረዝመውን ብርሃን ነቅቶ ስለማይዘልቀው በአንድ የቶና ቀን ውስጥ ሦስት ጊዜ ያህል ይተኛል። ሰባተኛው ቀን በፀሐይ መውጣት ከተቆጠረ ሰንበት በ23 የምድር ቀን አንዴ ይመጣል፤ በእንቅልፍ ከተቆጠረ ደግሞ አንዳንዴ በድቅድቅ ጨለማ፣ አንዳንዴ በቀትር ግርዶሽ ላይ ይውላል። የአቦል ፊት ሰዎች በየቀትሩ የሚጨልመው ሰማይ ቀኑን ለሁለት ስለሚከፍልላቸው ሦስተኛ አቆጣጠር ያመጣሉ፤ አቦልን ያላዩት ወገኖቻቸው ለምን ይቀበሏቸዋል?